ጥርሱ በወረቀት የተደፈነ ካሴት

ጋሽ ፍቅሩ የሟች እህታቸውን ድምፅ በገዛ ጣታቸው ደመሰሱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ማጫወቻውን የነኩ መስሏቸው የመቅጃውን ቀይ ቁልፍ ተጫኑ። አራት ደቂቃ ሙሉ የሙሉወርቅ አምባሰል ጠፍቶ፣ በምትኩ የመርሳ ባጃጆች ጥሩምባ ተቀዳ።

ፅዮን ይህን የሰማችው በአጋጣሚ ነው። ከውርጌሳ ወደ ወልድያ የሚወስዳት ሚኒባስ መርሳ ላይ ጎማው ፈነዳ። እስኪቀየር መቆም ሰለቻትና አባቷ ድሮ ካሴት ይገዛበት ወደነበረው የጋሽ ፍቅሩ ሱቅ ጎራ አለች። ሱቁ አሁን የሚሸጠው ቻርጀርና የስልክ ሽፋን ነው፤ ካሴቶቹ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠግበዋል።

«ጋሽ ፍቅሩ፣ ምን ሆነዋል? ፊትዎ ልክ አይደለም።»

«ምን ያልሆንሁት አለ ፅዮንዬ! ሙሉወርቅን ሁለተኛ ቀበርኋት።»

ነገሩን ሲነግሯት ካሴቱን ተቀብላ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ያለች አንዲት ቀዳዳ በተጣጠፈ ወረቀት ተወትፋለች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጥርሱ ነዋ። የካሴት ጥርስ ከተሰበረ ቴፑ በላዩ አይቀዳም። ያን ጊዜ ባዶ ካሴት ውድ ነበር፤ ጥርሱ የተሰበረ አሮጌ እየገዛሁ፣ በወረቀት ደፍኜ ነበር የምቀዳበት። ሙሉወርቅ ሰርግ ላይ የዘፈነችውን ቀድቼ እንደጨረስሁ ወረቀቱን ማውጣት ነበረብኝ።»

«ሰርጉ መቼ ነበር?»

«ሠላሳ ዓመት አለፈው።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ወረቀት መንቀል አቃተዎት?»

ጋሽ ፍቅሩ ሳይወዱ በግድ ሳቁ። ፅዮን ግን በመርፌ ነቅላ አወጣችው። «የቀረውን ዛሬውኑ ስልክ ላይ ገልብጠን ኢንተርኔት ላይ እንጫነው» አለች።

«አይሆንም! ስልክ ውስጥ ያለ ዘፈን ምኑ ዘፈን ነው? ድሮ በገበያ ቀን እዚህ አግዳሚ ላይ መንዙማ የሚፈልገውና ትዝታ የሚፈልገው ትከሻ ለትከሻ ይቀመጡ ነበር። የአንዱን ስሞክር ሌላውም ይሰማል። ለጭነት መኪና ሾፌር እንቅልፍ የሚያባርር፣ ሐዘን ለገባው የሚያባብል መርጬ የምሰጥ እኔ ነበርሁ። ያንቺ ስልክ ማን እንዳዘነ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለች ፅዮን። መዋሸት ለእሷ ጊዜ ማባከን ነው። «ስልክ እርስዎን አይተካም።»

«ታዲያስ! ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋስ?»

«አስቀድሞ አውርዶ መያዝ ነው። የእርስዎስ ቴፕ መብራት ሲጠፋ ይዘፍናል?»

«በባትሪ ድንጋይ ይዘፍናላ!»

«ድንጋዩ ሲደክምስ?»

«ያን ጊዜማ» አሉ ጋሽ ፍቅሩ ሳቃቸው እያመለጣቸው፣ «ሴቷ ሁሉ የወንድ ድምፅ ታወጣለች።»

ፅዮንም ሳቀች። አባቷ የተዘበራረቀ የካሴት ክር በእስክርቢቶ እየጠቀለለ፣ ልጆቹን «ዝም በሉ፣ አሁን ይዘፍናል» የሚልበት ከሰዓት በኋላ ትዝ አላት። ደስ ይላል። ግን ያ ክር ኋላ ተበጥሷል፤ መውደዳቸው አላዳነውም።

«ጋሼ፣ እኔ ሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ የምሠራው የማሽላ ዘር ላይ ነው። የቀረንን ብቸኛ ዘር አንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ ብናስቀምጥ ሰው ይስቅብናል። የሙሉወርቅ ሌላ ቅጂ ማን ጋ አለ?»

በዚህ መሀል ቻርጀር ሊገዙ የግራናው ገበሬ አቶ አብዱልሐሊም ገቡ። ያ ዘፈን የተቀዳው በእሳቸውና በሚስታቸው በረሂማ ሰርግ ላይ ነበር። የሆነውን ሲሰሙ የያዙትን ቻርጀር መልሰው አስቀመጡት።

«የቱ ነው የጠፋው?»

«መጀመሪያው።»

«ረሂማን በስሟ እየጠራች ያወደሰችበት?»

ጋሽ ፍቅሩ አንገታቸውን ደፉ።

«ስንት ጊዜ ቅዳልኝ ብዬ ለመንሁህ ፍቅሩ? ‹ስትፈልግ እዚህ መጥተህ ስማ› አልኸኝ። ሰስተህላት ነው፤ አልቀየምሁህም። ግን ወላሂ፣ ያኔ ብትሰጠኝ ኖሮ ዛሬ ከእኔ ቤት ትወስደው ነበር። ልጄ ሉብና ይኸው ጅዳ ተቀምጣ የእናቷን ሰርግ አንድ ቀን ሰምታው አታውቅም።»

ፅዮን ስታወራ የቆየችውን ሁሉ እኚህ ሰው በሁለት ትንፋሽ ጨረሱት። እሷ የቀረውን ብቻ አከለች፦

«ኢንተርኔት ላይ የተጫነ ዘፈን ሺህ ጊዜ ቢሰማ ክሩ አይሳሳም፤ ቴፕ አይበላውም። ግራናና ጅዳ እኩል ይሰሙታል፤ ማንም ተራ አይጠብቅም። የእህትዎንም ስም እንጽፍበታለን፤ ድሮ ሲገለባበጥ የስንቷ አዝማሪ ስም ጠፍቶ ቀርቷል። የአንድ ሰው ጣት ቢሳሳት የሚጠፋው አንድ ቅጂ ነው እንጂ ሙሉወርቅ አይደለችም።»

ጋሽ ፍቅሩ ካሴቱን ከፅዮን እጅ ወስደው አገላበጡት። «እኔ እኮ የጠበቅኋት መስሎኝ ነበር» አሉ። «ለካ ከልክያት ነው የኖርሁ። እሷ ሰው ፊት መዝፈን ትወድ ነበር።» ከዚያ ካሴቱን መልሰው ለፅዮን ዘረጉላት። «በምን ትገለብጭዋለሽ?»

«ነገ ከወልድያ ገመድ ይዤ መጥቼ በደንብ እገለብጠዋለሁ። ዛሬ ግን በስልኬ አንድ ቅጂ ሳልይዝ ከዚህ አልወጣም።»

ከውጭ የሚኒባሱ ረዳት ይጣራ ጀመር።

«ጥሎሽ ሊሄድ ነው!» አሉ አቶ አብዱልሐሊም።

«ይሂድ። ዝም በሉልኝ ብቻ፤ ስልኩ የሰማውን ሁሉ ይቀዳል።»

አቶ አብዱልሐሊም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጋሽ ፍቅሩ ግን ተነሡ።

«እርስዎ ወዴት ነው? አይሰሙም?»

«እሷ ስታዜም ዝም ማለት አልችልበትም፤ አብሬ አንጎራጉራለሁ። እንደገና አላበላሽባትም» አሉና ወጡ፤ የብረቱን በር ከውጭ ቀስ አድርገው ዘጉት።