ዲዳው የአውቶብስ አጣቢ

ሄሎ — አቤት እትዬ... አትጩኺብኝ እንጂ! ሞቼ ልገኝ፣ የምነግርሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው... በባልሽ ልማልልሽ?... እሺ፣ በታሰረ ሰው አይማልም፣ ይቅር።

የት ነኝ? ጋራዡ ውስጥ፣ አውቶብስ ላይ ተቀምጬ። ሠራተኛው ምሳ ወጥቷል... ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?... ሃያ ሁለት ቀን አውቶብስ አጠብኩ እኮ ነው የምልሽ! የማይሰማ ዲዳ መስዬ... ምን ያስቅሻል? የእኔም አፍ ይዘጋል! ዲዳ ፊት ማን ምስጢር ይደብቃል? ደግሞ ብናገር ኖሮ የማን ወንድም እንደሆንኩ በመጀመሪያው ቀን እዘረግፈው ነበር።

አገኘሁ ወይ? ኧረ እሱን ልነግርሽ ስል አይደል የምታቋርጪኝ! ባልሽ የሚነዳው አውቶብስ ተጋጭቶ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ሲል ማን አመነው? መርማሪው ሲያየው ፍሬኑ ደህና ነበር... አታልቅሺ፣ ስሚኝ። የአውቶብሱ ባለንብረት መርማሪው ሳይደርስ በፊት አዲስ የፍሬን ሸራ አስገጥሟል። የገጠመው የዚህ ጋራዥ ዋና መካኒክ ነው። ያለቀውን ሸራ ግን አልጣለውም፣ መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ደብቆት ነበር... በዓይኔ በብረቱ!... አዞ ጋልቤ ወንዝ ተሻገርኩ ያልኩሽ ሌላ ነው፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ... አምና ነው? እሺ፣ አምና ነው።

— አለቃ፣ ቁጭ በል እባክህ፣ እህቴ አላመነችኝም።

መካኒኩ ነዋ! አጠገቤ ነው። ነገ ችሎት ቀርቦ ይመሰክራል... እንዴት እሺ አለ? አንገቱን አንቄ ነዋ! በአንድ እጄ ብድግ አድርጌ ጎማ ላይ አስቀመጥኩት። «ተናገር!» ስለው እንደ ቅጠል ረገፈ...

ከማን ጋር ነው የምታወሪው?... ማን? ጠበቃው አጠገብሽ ነው? ታዲያ መጀመሪያ አትነግሪኝም!... ምን አለ?... ተገድዶ ከመሰከረ ዋጋ የለውም? ባልሽ እዚያው ይቀራል?... ኧረ በፈጠረሽ! እሺ። እሺ አልኩሽ እኮ! አላነቅኩትም። እሷን ብቻ ነው የጨመርኳት።

እውነቱ ይኸውልሽ፤ መካኒኩ ምሳ ሰዓት ጎኔ ተቀምጦ ስለ ባልሽ ያወራኛል። አይሰማም ብሎ። «እንቅልፍ አጣሁ፣ ንጹሕ ሰው አሳሰርኩ» አለና አለቀሰ። የልጆች አባት እኮ ነው፣ እጁ ሁሉ ግራሶ፣ እንባውን በክንዱ ሲጠርግ... አላስቻለኝም። «አይዞህ» አልኩት... በቃ፣ ይቺኑ። የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ። ቆይቶ ሣጥኑን ከፈተና «ነገ እመሰክራለሁ» ብሎ ሸራውን አመጣልኝ። እኔ አምጣ እንኳ አላልኩትም።

ሄሎ?... እትዬ?... ሦስት ሰዓት ችሎት፣ እሺ፣ ይዤው እመጣለሁ።

— አለቃ፣ ያ መኪና የማን ነው?... ወይ ጉድ! ሸራውን ኮትህ ውስጥ አድርግ፣ በጓሮ በር ነው የምንወጣው።

ባለንብረቱ መጣ፣ እትዬ... ኧረ ይሄ እንኳ እውነት ነው! ስልኩን ልዝጋው!