የመስኮቱ መብራትና ዝም ያለው ሬዲዮ

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ደክሞኝ ስመለስ ዓሣ አጥማጇን ጎረቤቴን ማርኒን የወደቡ ዳገት ላይ አገኘኋት። የጀልባዋ ሞተር ጠፍቶባት ከደሴቱ ጀርባ ስትንሳፈፍ ውላ፣ በስንት መከራ ሌላ ጀልባ ጎትቶ አመጣት። ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል።

«ለአባባ በሬዲዮ ደጋግሜ ተጣራሁ» አለችኝ። «የሱ ሬዲዮ መስሚያ ብቻ ነው፣ መልስ መስጠት አይችልም። ቢሰማኝ ግን ስልክ ደውሎ ሰው ይልክልኝ ነበር።»

እኛ የሜይን ባሕር ጠረፍ ሰዎች የጀልባዎቹን ወሬ የሚለቅመውን ሬዲዮ ከማድቤታችን አናጠፋም። አብሬያት ገባሁ። ሽማግሌው አባቷ አልደን ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«መጣሽ ልጄ? ዛሬ ባሕሩ ሰላም ዋለ። አንድም ድምፅ አልሰማሁ፣ ተመስገን!»

ማርኒ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም።

«ሞተር ጠፍቶብኝ ስጮህ ነው የዋልኩት፣ አባባ። ይቺን የሬዲዮውን ቁልፍ ማን አጠበቃት?»

አልደን ደነገጡ፤ ግን እጅ አልሰጡም። «እኔ ነኛ! ሰሞኑን ሽሽሽ እያለ ራሴን አዞረው። ጠምዘዝ ባደርጋት ጸጥ አለ።»

«እሷ እንደ በር ናት። ጩኸቱን ስትዘጋበት ደካማውን ድምፅም ትዘጋበታለህ። ከደሴቱ ጀርባ ደግሞ የኔ ድምፅ ደካማ ነው።»

«የጀልባዎቹን ሞገድ ቀይረውት ይሆናላ!»

«ሞገዱ ያው ነው። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚሁ ከቤት ነው።»

«ኤዲያ! ኮሌጅ የተማርሽው ይሄንን ነው? ማቀዝቀዣው ነው እንግዲህ የሚጮኽብኝ?»

«እስቲ ይሞክሩት አልደን፣ ምን ይጎዳዎታል?» አልኩ። ሰው ማሳመን ታክቶኛል፤ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ይህንኑ ነው።

ማርኒ ቁልፏን አላላቻት፤ ማድቤቱ በጩኸት ተሞላ። ማቀዝቀዣውን ነቀለች፤ ያው ነው። የስልኩን ቻርጀር ነቀለች፤ ያው ነው። የመስኮቱን መብራት ስታጠፋ ጩኸቱ ቀጥ አለ፤ ሁለት አጥማጆች ባለ መቆንጠጫውን የባሕር እንስሳ ሎብስተርን በሚይዙበት ወጥመድ ሲጨቃጨቁ ጥርት ብሎ ተሰማ።

አልደን ፊታቸው ተለዋወጠ። ሬዲዮውን የሚረብሸውን ያን አዲስ አምፖል መብራት ይቆጥባል ብለው በቅርቡ ያስገቡት ራሳቸው ናቸው። ሁልጊዜ የሚያበሩትም እሷ ከባሕር ስትመለስ እንድታየው ነው።

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው ያበራሁት» አሉ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

አሮጌውን አምፖል ከመሳቢያ አውጥተው መለሱት። ጩኸት ሲያስቸግረን ጆሯችንን መዝጋት ይቀለናል፤ ምንጩን መፈለግ ያደክማል። ቢያደክምም ግን መፈለግ ይሻላል፤ ያልፈለገ ሰው ልጁ ስትጣራ «ሰላም ነው» ብሎ ይቀመጣል። አልደን ከዚያ ወዲህ አዲስ የኤሌክትሪክ ዕቃ በሰኩ ቁጥር ቁልፏን አላልተው ያዳምጣሉ፤ ጎረቤቶቻቸውንም እንዲሁ አድርጉ እያሉ ይነዘንዛሉ።

አምፖሉ በተመለሰ ማግስት ሲመሻሽ እሳቸው ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር። ሬዲዮው ውስጥ የማርኒ ድምፅ ቀጭን ሆኖ መጣ፦ «አባባ፣ ከደሴቱ ጀርባ ነኝ። ከሰማኸኝ፣ ብቅ ስል መብራቱን አጥፋና አብራልኝ።»

አልደን ተነሥተው ማብሪያው አጠገብ ቆሙ። ጀልባዋ ብቅ ስትል አጠፉ፣ አበሩ፤ አጠፉ፣ አበሩ።

«በቃ አባባ፣ አይቻለሁ!» አለች በሬዲዮ።

እሳቸው ግን አላቆሙም።