የጋሽ ዐብዱልጀሊል መንታ መንገዶች

ጉም የሰውን ፊት ያርቃል፣ ድምፁን ግን ያቀርባል። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን የኮሶዬ መንገድ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚኒባስ ስመለስ፣ ኮሶዬ ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሹፌሩም «ገደሉን ሳላይ አልነዳም፣ ውረዱና ተናፈሱ» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ወረድን። አገሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ዛፉም፣ ድንጋዩም፣ ተሳፋሪውም ግማሹ ያለ፣ ግማሹ የሌለ ይመስላል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝና የምቸኩልበት የለኝም፤ እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመኝ እንደ ሕልም እቀበለዋለሁ። የሰው ወሬ ማዳመጥም እወዳለሁ። ጆሮ መክደኛ አልተሠራለት፣ ምን ላድርገው?

ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ፣ ከኋላ ወንበር የነበሩ ሁለት ተሳፋሪዎች ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። ቀረብ ስል ሽማግሌውን አወቅኋቸው። ጋሽ ዐብዱልጀሊል ናቸው። ቤተሰባቸው በጎንደር ከጥንት ጀምሮ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እሳቸው ግን ኮምፒውተር በከተማችን ብርቅ በነበረበት ዘመን ሱቁን ለወንድማቸው ትተው፣ ያለ አስተማሪ ፕሮግራም መጻፍ የተማሩ ሰው ናቸው። ለአንድ የመድኃኒት አከፋፋይ የጻፉት ፕሮግራም ለየትኛው የገጠር ክሊኒክ ምን ያህል መድኃኒት፣ በየትኛው መኪና እንደሚላክ ይወስናል። አጠገባቸው ላፕቶፕዋን በሻርፗ ሸፍና ከእርጥበት የምትከላከለው ወጣት የእህታቸው ልጅ ፈህሚያ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሶፍትዌር ተምራ በዚያው መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች።

ሰላምታ ተለዋወጥን። «መምህር፣ አላህ ነው ያመጣዎት» አሉኝ። «እኔና ይህች ልጅ ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምረን አልተስማማንም። በአባቶቻችን ወግ መንገደኛ ዳኛ ይሆን የለም? ይቀመጡና ይዳኙን።»

«እኔ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው የልጅ ልጆቼ ሲጫወቱበት ነው» አልኋቸው።

«እንዲያውም ይሻላል፣ አያዳሉም። ፈህሚያ፣ ከሳሽ አንቺ ነሽ፣ ቅደሚ።»

ፈህሚያ እጅ ነሥታ ጀመረች። «ጋሼ የጻፉት ፕሮግራም ብዙ ዓመት አገልግሏል፤ ይህን አልክድም። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ግን አንድ “ይህ ከሆነ” ይጨምሩበታል። ክረምት ከሆነ፣ መንገዱ ከተዘጋ፣ የገበያ ቀን ከሆነ። እያንዳንዷ “ከሆነ” መንታ መንገድ ናት፤ ኮምፒውተሩ ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ ይሄዳል። በሚያዝያ አዲ አርቃይ ላይ አዲስ ክሊኒክ ተጨመረ። ፕሮግራሙ ውስጥ ደግሞ “ከደባርቅ ወዲያ ከሆነ አገሩ ብርድ ነው፣ የበረዶ ሳጥን አያስፈልግም” የሚል የቆየ ደንብ ነበር።»

ሳላስበው ሳቅሁ። ይህን ስሕተት ሊሠራ የሚችለው የጎንደር ሰው ብቻ ነው። እኛ ደገኞች ሰሜን ሲባል ውርጭና ብርድ ነው የሚታየን፤ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርደው አዲ አርቃይ ሲደርሱ ቆላ መሆኑን እንረሳዋለን።

«አያስቅም መምህር» አለችኝ በትሕትና። «የሕፃናት መድኃኒት ያለ በረዶ ወርዶ ሙቀት አበላሸው። ለልጆቹ ሳይሰጥ ስለተደረሰበት እንጂ ጉድ ይፈላ ነበር። ጋሼ ደንቡን አስተካከሉት። በግንቦት ግን ያው ነገር ተደገመ።»

«ምነው? ተስተካክሎ የለም እንዴ?»

«ያ ደንብ በሌሎች ክፍሎችም ተገልብጦ ተጽፎ ኖሯል። ጋሼ ረስተውታል። ባለቤቶቹም ክረምቱ ሲወጣ ፕሮግራሙን ጥለን ከአዲስ አበባ ሌላ እናስመጣለን አሉ። እኔ ደግሞ ከመጣሉ በፊት እንለካው ነው የምለው። በየክፍሉ ስንት መንታ መንገድ እንዳለ፣ ክፍሉ ምን ያህል እንደረዘመ፣ ስንት ጊዜ እንደተነካካ የሚቆጥር መሣሪያ አለ። የባሰበትን ለይተን እሱን ብንጠግን ሌላው ይተርፋል። ጋሼ ግን አይለካም አሉ።»

ጋሽ ዐብዱልጀሊል ወፍራም መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ። «አባቴ ለሰው ጨርቅ በክንዱ ሲለካ ይውላል፤ የራሱን ግን አይቆጥርም ነበር። የቆጠሩት አይበረክትም ይል ነበር። ገጠሩም እንዲሁ ነው።» ከኛው ጋር ተሳፍረው ወደመጡት ገበሬ ዞሩ። «አያ ክንዱ፣ ከብትዎን ቆጥረው ያውቃሉ?»

«ምነው ብዬ እቆጥራለሁ? ሸጋ ነገር ከቆጠሩት ዓይን ይበላዋል» አሉ አያ ክንዱ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ጉሙ ገቡና ጠፉ።

«ይኸው ምስክሬ። ደግሞስ መምህር፣ ውሎ የሚገባን ነገር ምን ይነካካዋል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብናል።»

«ቸግሮናል እንጂ ጋሼ» አለች ፈህሚያ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እርስዎ እነዚያን ደንቦች የጨመሩት መኪናው ተጭኖ፣ ሹፌሩ በር ላይ ጥሩንባ እየነፋብዎት ነው።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እሱስ እውነት ነው። አንዳንዴም ስድቡ ይጨመርበታል። ነገር ግን ቁጥር ምክንያት ያውቃል ወይ? አንዷ መንታ መንገድ ድልድይ የፈረሰ ጊዜ የገባች ናት። ሌላዋ የዳባቷ ነርስ ማክሰኞ ማክሰኞ ስለማትገኝ የተጨመረች ናት። መሣሪያሽ ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም። ቴርሞሜትርም ትኩሳት መኖሩን እንጂ ወባ ይሁን ታይፎይድ አይለይም። ሐኪሙ ግን ማንን አስቀድሞ እንደሚያይ በእሱ ያውቃል። መሣሪያው እዚህ ጋ ተመልከቱ ይላል፤ ምክንያቱን የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት። ለመሆኑ የዳባቷ ነርስ አሁንም አለች?»

«አግብታ ባሕር ዳር ከገባች ቆየች።»

«በፕሮግራሙ ውስጥ ግን ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ እየቀረች ነው።»

ይህን ስሰማ ሐሳቤ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። እዚያ ጉም መካከል ቁጭ ብዬ ያ ፕሮግራም አንድ አገር ሆኖ ታየኝ። በዚያ አገር ተሠርተው ያለቁ ድልድዮች ዛሬም እንደፈረሱ ናቸው፤ ያገባችው ነርስ አላገባችም፤ የደረቀው የዚያን ዘመን ጎርፍ ዛሬም መንገድ ይዘጋል። መኪኖቹም የሌለውን ወንዝ እየሸሹ በረጅሙ ይዞራሉ። ስንቶቻችን እንዲህ ባለ አገር እንኖራለን? ያለፈ ምክንያት አምቀን፣ ለምን እንደምናደርገው የረሳነውን እያደረግን ዕድሜያችንን እንጨርሳለን። ለራሴም አዘንሁ።

ከሐሳቤ ስመለስ ዳኛ መሆኔ ትዝ አለኝና ጠየቅኋት። «ታዲያ ብዙ መንታ መንገድ ያለው ሁሉ ይፈርሳል ማለት ነው?»

«የለም መምህር። ውስብስብ ቢሆንም ማንም የማይነካው ክፍል ካለ ይተኛ፣ አንቀሰቅሰውም። አስቸጋሪው ውስብስብም ሆኖ በየሳምንቱ የሚነካካው ነው። እሱንም በአንድ ቀን አናፈርሰውም። አስቀድመን ፕሮግራሙ ዛሬ የሚሰጠው ትክክለኛ መልስ እንዳይለወጥ የሚጠብቅ መፈተኛ እንጽፋለን። ከዚያ ረጅሙን እንከፋፍላለን፣ የተደጋገመውን ወደ አንድ ቦታ እንሰበስባለን፣ ምክንያቱ የሞተውን እናወጣለን። በየደረጃው መልሱ እንዳልተለወጠ እየፈተንን ነው የምንሄደው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ንግግሯ ደስ አሰኘኝ። ወጣት ሲማር ሁሉን አፍርሼ እንደ አዲስ ልሥራ ይላል፤ ይህች ግን የአጎቷን ሥራ ለማዳን ነበር የምትሟገተው። ወደ ሽማግሌው ዞሬ፣ «ምን ይመልሳሉ?» አልኋቸው።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ሲመልሱ ድምፃቸው የተከራካሪ ድምፅ አልነበረም።

«እውነቱን ልናገር። የያዘኝ በረካው ይጠፋል የሚለው አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ከእንግዲህ ሌላ ነገር አልጽፍም። ዕድሜዬን የሰጠሁት ለዚህ ሥራ ነው። ነገ መሣሪያው ቁጥሩን አውጥቶ፣ ዐብዱልጀሊል ዕድሜውን ሙሉ ሲያበላሽ ኖረ ቢለኝስ?»

ፈህሚያ ተጠጋቻቸው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የለካሁት የራሴን ነው። ባለፈው ወር የጻፍሁትን የመኪና መመደቢያ። ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ የጻፍሁት ከብዙዎቹ የእርስዎ ክፍሎች የባሰ ሆኖ ተገኘ። አፈርሁ፣ አለቀስሁም። ከዚያ ቁጭ ብዬ ከፋፈልሁት። ቁጥሩ የሚናገረው ከእኛ በኋላ መጥቶ የሚያነበው ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር ነው። ፕሮግራሙ ከተጣለ ግን የሚያነበውም አይኖርም፤ እኔ የምፈራው ይህን ነው።»

ፍርድ የምሰጥበት ጊዜ ደረሰ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አልሁ። «ይለካ ብዬ ፈርጃለሁ። ግን መሣሪያው ከመናገሩ በፊት ጋሽ ዐብዱልጀሊል ይናገሩ። ከሁሉ የባሰበት ክፍል የትኛው ነው?»

ሳያመነቱ መለሱ። «“ማደያ” የምንለው ነዋ። ለየክሊኒኩ የሚከፋፍለው። እሱን ቢስሚላህ ሳልል ከፍቼው አላውቅም። ስዘጋውም ላብ በላብ ሆኜ ነው።»

ፈህሚያ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ከፍታ መሣሪያውን አስነሣችው። ወዲያው የክፍሎቹ ስም ከባሰበት ጀምሮ ተደርድሮ ወጣ። ጋሽ ዐብዱልጀሊል ዓይናቸውን ወደ ማሳያው አስጠጉ። በመጀመሪያው መሥመር ላይ ማደያ ነበር።

«ስንት አለው?»

«ከሁለት መቶ የሚበልጥ መንታ መንገድ። ከአሥር ካለፈ ሰው መደናገር ይጀምራል ይላሉ። ደግሞ ከሁሉም በላይ የተነካካው እሱው ነው። እነዚህን ከታች ያሉትን ይመልከቱ፤ አብዛኛው ሥራዎ ጤነኛ ነው።»

ሽማግሌው ጣታቸውን በዝርዝሩ ላይ እያወረዱ ቀስ ብለው አነበቡ። ትከሻቸው ላላ። «ወላሂ፣ ይህ መሣሪያ ያወጣው እኔ በሆዴ ይዤው የኖርሁትን ነው። ለማን ልናገር ብዬ ነበር እንጂ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ነገ ጠዋት እንጀምር። ከነርሷ እንጀምር» አሏት።

ጉሙ አልገለጠም፤ ሹፌሩ ግን ሰለቸውና አሳፍሮን፣ መብራቱን አብርቶ ቀስ እያለ ነዳ። እስከ ጎንደር አጎትና የእህት ልጅ ስለ ማደያ ሲያወሩ እኔ እንቅልፍና ንቃት መካከል ሆኜ እሰማ ነበር።

በጥር ወር ጋሽ ዐብዱልጀሊልን ልጠይቅ ቤታቸው ሄድሁ። ፈህሚያም ነበረች። የሆነውን ሁሉ በዝርዝር ነገሩኝ። ማደያ ተከፋፍሎ አሁን እያንዳንዱ ክፍል አንዲት ነገር ብቻ ይወስናል። የሙቀቱ ደንብ በአንድ ቦታ ተጽፏል፤ ክሊኒኩ ቆላ ይሁን ደጋ እንጂ ወደ ሰሜን ይሁን ወደ ደቡብ ማንም አይጠይቅም። አዲስ ክሊኒክ ለመጨመር ሳምንት ይፈጅ የነበረው በግማሽ ቀን ያልቃል፤ መድኃኒትም ሙቀት አላበላሸውም። ባለቤቶቹ ሌላ የማስመጣቱን ነገር ተዉት። አሁን ማንም አዲስ ነገር ሲጨምር መሣሪያው ይለካዋል፤ ሲወሳሰብ ገና በጠዋቱ ይስተካከላል። አንባቢ ሆይ፣ የመለካት ጥቅሙ ይህ ነው። ቤት ሁሉ እንዳይፈርስ የዘመመውን ምሰሶ ያሳያል፤ ጉልበትንም ከሚፈለግበት ቦታ ያውላል። ነቀፌታ መስሎት የሚሸሸው ሰው የራሱን ሥራ በገዛ እጁ ያስጥላል።

ልሰናበት ስል ፈህሚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። «ጋሼ፣ ሳልነግርዎት። አዲ አርቃይ አዲስ ማቀዝቀዣ ገባላቸው። ደንቡ ትናንት ተቀየረ።»

«መቼ ቀየርሽው?»

«እኔ አይደለሁም። ሄለን ናት፣ እኛ መሥሪያ ቤት የተቀጠረችው አዲሷ የፕሮግራም ባለሙያ። ክፍሉን ከፍታ አንብባ አስተካከለችው። መፈተኛዎቹም ሁሉም አለፉ። እኔንም አልጠየቀችኝ።»

«ስለ እኔስ የት ናቸው ብላ አልጠየቀችም?»

«እርስዎን አታውቅዎትም ጋሼ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ቅር ያላቸው መስሎኝ ደንግጬ የማጽናኛ ቃል ስፈልግ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ፊታቸው ሲያበራ አየሁ።

«አታውቀኝም» አሉ። «ሳታውቀኝ አነበበችኝ። አልሐምዱሊላህ።»