በረከት ይታደሳል ወይ?

ዕድሜዬን ሙሉ በቢላ ሠሪዎቹ ከተማ በቹስት ኬሚስትሪ ሳስተምር ብረት በምን ያህል ሙቀት እንደሚለዝብ ለልጆች ነግሬአለሁ፤ የቢላ ሠሪ ጭንቅላት በምን ያህል እንደሚለዝብ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ንዴቴም ያለ ምክንያት እንዳይመስላችሁ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የወጥ ቤት ቢላችንን ላስል ወደ ኡስቶ ሚርዞሂድ ስሄድ የሱቁ በር ላይ ከእህቱ ልጅ ከኖዚማ ጋር ተገጣጠምሁ። ኡስቶ የምንለው ተመርቆ የወጣ ባለ ሙያን ነው። ኖዚማ ደግሞ ናማንጋን ከተማ ጠበቃ ናት፤ የነጋዴዎችን የንግድ ምልክት ታስመዘግባለች።

«ደህና ነሽ ልጄ?»

«ደህና አይደለሁም መምህር። አጎቴን ደግሜ ልለምናቸው ነው የመጣሁት። እርስዎን ስለሚያከብሩ እባክዎ አብረውኝ ይግቡ።»

ኡስቶ ሚርዞሂድ የሚሠራው ቢላ ሁሉ ስለቱ ላይ በነሐስ የተከተበ ጨረቃና ሦስት ነጥብ አለበት። በእኛ አገር ምልክት አይፈጠርም፤ መምህር ደቀ መዝሙሩን ሲመርቅ ያወርሰዋል። ለእሱም ያወረሰው ሟቹ መምህሩ ሆልመት ነው። ኖዚማ ጠበቃ እንደ ሆነች ምልክቱን በመንግሥት መዝገብ አስገባችለት። የምዝገባው አሥር ዓመት ሞልቶ አለፈ፤ ሕጉ ለዘገየ ሰው የሚጨምረው ጊዜም በዚያ ሳምንት ሊያበቃ ነበር። የጎደለው የእሱ ፊርማ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አልፈርምም ብሏል።

ስንገባ ብረት እየቀጠቀጠ ነበር። ልጁ ሞሂራ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስለት ታወጣለች። ሙያውን ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛዋለች፤ አባቷ ግን ስለ እሷ ሲጠየቅ «ታግዘኛለች» ከማለት አልፎ አያውቅም።

«ደግሞ መጣሽ?» አላት መዶሻውን ሳያስቀምጥ።

«መጣሁ አጎቴ። አንድ ፊርማ እኮ ነው።»

«የምስክር ወረቀቱ ያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ምን ጎደለው? መምህር፣ ያንተ ዲፕሎማ ይታደሳል?»

«አይታደስም» አልሁ።

«ጋብቻህስ? በየአሥር ዓመቱ ኒካህ ታስራለህ?»

«እኔስ ባስር ደስ ይለኛል። ሚስቴ እንደገና ከተጠየቀች እሺ ማለቷን ነው የምጠራጠረው።»

ሞሂራ ሳቀች። ኖዚማ ግን የምትስቅበት ሆድ አልነበራትም።

«ዲፕሎማና ጋብቻ ሌላ ነው አጎቴ። ይሄ ሌላ ሰው በስምዎ እንዳይነግድ የሚከለክል አጥር ነው። አጥር ደግሞ ካልጠገኑት ይወድቃል።»

«ሆልመት በነቢዩ ዳዊት ስም የመረቀኝን ነው አጥር የማጥርለት? ዳዊት የአንጥረኞች ሁሉ አባት አይደለም እንዴ? ላድሰው ማለት እኮ ሞቶ ነበር ማለት ነው። መምህሬን መቃብሩ ላይ ልስደበው?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። በረከትና መዝገብ መለየት ያቃተው እሱ ብቻ ቢሆን ባልተናደድሁ፤ ከተማው በሙሉ እንዲሁ ነው።

«ታዲያ በየጸደዩ ለዳዊት እያልክ የሩዝና የሥጋ ፕሎቭ ቀቅለህ ባለ ሙያውን ሁሉ የምታበላው ለምንድን ነው?» አልሁት። «በረከቱ ሻግቶ ነው?»

«እሱ ምስጋና ነው።»

«ይሄንንም አመስግነህ ፈርመው።»

«አንተ አሲድህን ጠብቅ፤ ብረቱን ለኔ ተወው።»

ቢላዬን እንደ ዶለዶመ ይዤ ልወጣ ስነሳ አንድ ወፍራም ሰው እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ ገባ። ሃምዳም ይባላል፤ የናማንጋን ሥጋ ሻጭ ነው። ለሁለት የተሰበረ ቢላ መስፉ ላይ ወረወረ።

«ሚርዞሂድ የሚባሉት እርስዎ ነዎት? አላህ ይይልዎት። አባቴ በእርስዎ ቢላ ሲሠራ ኖሮ ሞተ። እኔ ግን ይሄን በገዛሁ በወሩ በሬ ስገነጥል ተሰበረና ጣቴን ሊወስደው ነበር።»

ኡስቶ ስባሪውን አነሳና በጥፍሩ መታው። ጥሩ ስለት ሲመቱት ይደውላል፤ ይሄ ግን ድምፅ የለውም። ጨረቃውና ሦስቱ ነጥብ ግን ምንም አልጎደላቸው።

«የኔ ሥራ አይደለም። ፋብሪካ የጨፈለቀው ቆርቆሮ ነው።»

«ምልክቱስ የማን ነው?»

«ምልክቱ የኔ ነው። ቹስት ውስጥ ያገኘኸውን ጠይቅ፤ የሚርዞሂድ ሥራ ምን እንደሚመስል ይነግርሃል።»

«እኔ የገዛሁት ናማንጋን ገበያ ነው። እዚያ ማንን ልጠይቅ? ምልክቱን አምኜ ገዛሁ። ለሥጋ ሻጩም ሁሉ ‹ሰውየው ሲያረጅ ስግብግብ ሆነ› ብዬ አውርቼአለሁ። ምን እንድል ነበር የፈለጉት?»

ኡስቶ ቁጭ አለ። ከገባሁ ጀምሮ አሁን ገና አሳዘነኝ።

«ሻጩን እከሰዋለሁ» አለ።

«በምን ይከሱታል?» አለች ኖዚማ። «ይሄ ሳምንት ካለፈ ምዝገባው ይቀራል። ይሄን ቆርቆሮ የሚሠራው ሰው ምልክቱን በራሱ ስም ላስመዝግብ ቢል፣ በገዛ ምልክትዎ አስመሳይ ተብለው የሚከሰሱት እርስዎ ነዎት። እንከራከራለን፤ ግን ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ የስንት ሰው ጣት ይቆረጣል?»

«ሆልመት የሰጠህ እኮ አደራ ነው» አልሁ እኔም፤ ድምፄን ዝቅ ማድረግ አልቻልሁም። «አደራ ተቀብሎ በሩን ከፍቶ የሚተኛ ሰው ምን ይባላል?»

ወደ ኖዚማ ዞረ።

«ሲታደስ አዲስ ምልክት ይሆናል?»

«አይሆንም። ያው የሆልመት ምልክት ሳይቋረጥ ይቀጥላል።»

«ታዲያ ይሄን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ኖዚማ እኔን አየችኝ። ልጅቱ ይህን ስትለው ከርማለች። ከንፈሯን ነክሳ ብዕሩን አቀበለችው፤ ፈረመ።

ከዚያ ከመደርደሪያው ቢላ አውርዶ ለሃምዳም ሰጠው። ሃምዳም በጥፍሩ ቢመታው እንደ ደወል ጮኸ።

«ይሄ ነው የእርስዎ እጅ!»

ኡስቶ ወደ ጥጉ አመለከተ። «የኔ አይደለም። የልጄ የሞሂራ ነው።»

እንግዲህ ማደስ የሚጠቅመውን ከእሱው ሱቅ አየሁት። የታደሰ ምልክት ያለው ሰው አስመሳዩን በሕግ ያስቆማል፤ ገዢው ባለቤቱን ባያውቀውም አምኖ ይገዛል፤ መምህር ሲሞት ምልክቱ በሕግ ለተተኪው ይተላለፋል። ስም የሚያስፈልገን እኛ በሌለንበት ቦታ ነው። ይህን ሁሉ እንዲገባን የሰው ጣት መድማት አልነበረበትም።

«በሚቀጥለው አሥር ዓመት እኔ ላልኖር እችላለሁ» አለ ኡስቶ። «ሞሂራ፣ እጅሽን ታጠቢና ነይ።»

የራሱን መቀነት ፈታና ወገቧን አሰረላት። መምህር ደቀ መዝሙሩን ኡስቶ ሲያደርገው መቀነት ያስታጥቀዋል፤ ቹስት ውስጥ ሴት ስትታጠቅ ግን አይቼ አላውቅም። መዳፉን ዘርግቶ መረቃት፤ ሃምዳምም በጨርቅ የተጠመጠመ እጁን ዘርግቶ ከእኛ ጋር አሜን አለ።

«ቢላ ቢሰበርብሽ ሌላ ትሠሪያለሽ» አላት አባቷ። «የማደሻው ቀን ግን እንዳያልፍሽ።»