ሰባት ሰው በአንድ ቁጥር

ጧት፣ በሐይቅ መካከል ባለች ደሴት የጀልባ መሳፈሪያ፤ ጥሩዬ ዓይኗ የደከመባትን የአሥራ አራት ዓመት ልጇን አያልነሽን እጇን ይዛ፣ የተሳፋሪውን የክትባት ማስረጃ በስልክ ከሚመረምረው ከወጣቱ ልኬለው ፊት ቆማለች።

ልኬለው፦ እናቴ፣ ከሰባቱ እርስዎ የትኛዋ ነዎት?

ጥሩዬ፦ የምን ሰባት?

ልኬለው፦ በእርስዎ ስልክ ቁጥር ሰባት ሰው ተመዝግቧል። ሰባት ስም፣ አንድ ቁጥር። ማሽኑ ግራ ገብቶታል፤ እኔም እንደሱ።

ጥሩዬ፦ ምኑ ግራ ያጋባል? ክትባቱ የመጣ ለት የራሴንም፣ የልጄንም፣ የጎረቤቶቼንም ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ። የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኛ። “ስልክ ቁጥር” የሚል ቦታ መጣ። ስልክ ያለኝ እኔ፣ የማውቀውም የራሴን ቁጥር። ጻፍኩት።

ልኬለው፦ ለሰባቱም?

ጥሩዬ፦ ሰባት ጊዜ፣ አንድም አኃዝ ሳልስት። አስተማሪዬ ብታየኝ ታጨበጭብልኝ ነበር።

ልኬለው፦ ይሄ ግን አያጨበጭብም። ለአንድ ቁጥር አንድ ሰው ነው የሚያሳልፈው።

ጥሩዬ፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማህም?

ልኬለው፦ እኔ ሰምቻለሁ። ማሽኑ ተረት አያውቅም።

ጥሩዬ፦ እንግዲያው የወረቀት ካርዱ ይኸውልህ። ማኅተሙን እየው።

ልኬለው፦ ወረቀት ቀርቷል። ማኅተሙን በየሱቁ መቅረጽ ጀመሩ። ባለፈው ወር አንዱ አሳዝኖኝ በወረቀት አሳለፍኩት፤ በሽታው ይዞት ኖሯል። ማዶ ሦስት ቀብር ላይ ቆምኩ። አንዱ የአክስቴ ነው።

ጥሩዬ፦ ነፍስ ይማር።

ልኬለው፦ አሜን። ስለዚህ ክፉ ነው አይበሉኝ።

ጥሩዬ፦ አላልኩህም ልጄ። ግን የዚችን ዓይን እየው። ግራው ጠፍቷል። የቀኙ ቀጠሮ ነገ ማዶ ሆስፒታል ነው። ሐኪሞቹ ከሩቅ አገር ለሦስት ቀን ብቻ ነው የመጡት፤ ከነገ ወዲያ የሉም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

ልኬለው፦ አንድ መንገድ አለ። ከሰባቱ ስም አንዱን እነካለሁ። ቁጥሩ የዚያ ሰው ይሆናል፣ አረንጓዴ ይበራል፣ ይሳፈራል።

ጥሩዬ፦ ይህን ይዘህ ነው እስካሁን የምታደርቀኝ? አያልነሽን ንካዋ።

ልኬለው፦ ይስሙኝ እንጂ። አንዷን ስነካ ስድስቱ ይጠፋሉ። እንዳልተከተቡ ይሆናሉ። ክትባቱ ደግሞ እዚህ ተመልሶ የሚመጣው ገና በሰኔ ነው።

ጥሩዬ፦ እኔም እጠፋለሁ?

ልኬለው፦ እርስዎም።

ጥሩዬ፦ ታዲያ ማን ይመራታል? ደረጃ እንኳ አይታያትም።

ልኬለው፦ ሆስፒታሉም አስታማሚ ያልያዘ አያስተኛም።

ጥሩዬ፦ የኔን ብትነካስ?

ልኬለው፦ ታማሚ የሌላት አስታማሚ ይሆናሉ።

ጥሩዬ፦ ቀልደኛ ነህ።

ልኬለው፦ እዚህ ቆሜ ካልቀለድኩ ሳለቅስ ነው የምውለው።

ጥሩዬ፦ እስቲ ስልኩን አሳየኝ፤ ማንበብ አያቅተኝም። ታከለች። ዘሪቱ። ሸጌ። ሙጭት። ብርቄ... ውይ፣ ብርቄ።

ልኬለው፦ ብርቄ ምን ሆነች?

ጥሩዬ፦ ወሯ ገብቷል። የፊተኛውን በቀዶ ጥገና ነው የወለደችው። ይሄኛውም እዚህ አይወለድም ብለዋታል። በሚመጣው ሳምንት ጀልባ ልትሄድ ነው። ትናንት “ስልክሽን ቻርጅ አድርጊው፣ የኔም መንገድ እሱ ነው” አለችኝ።

ልኬለው፦ ይህን ባይነግሩኝ ምን ነበረ።

ጥሩዬ፦ ለምጥ እንኳ አይከፍትም?

ልኬለው፦ ከነዚያ ቀብሮች ወዲህ ለማንም አይከፍትም።

ጥሩዬ፦ ፊደል ሳላውቅ በሰው ላይ ክፉ ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ልኬለው፦ የጀልባው ጡሩምባ ተነፋ እናቴ። የትኛዋን ልንካ?

ጥሩዬ፦ አንተ ምረጥ።

ልኬለው፦ የእኔ ሥራ መጠየቅ ነው።

ጥሩዬ፦ እናትህ ብትሆንስ እዚህ የቆመችው?

ልኬለው፦ እኔን ትመርጥ ነበር። ከዚያ ዕድሜ ልኳን የብርቄን ደጃፍ እየዞረች ታልፋለች።

ጥሩዬ፦ አንተ በጀልባው ትሄዳለህ?

ልኬለው፦ እስከ ማዶ። ከዚያ ወዲያው ተመላሽ ነኝ።

ጥሩዬ፦ እስከ ማዶ እጇን ያዝልኝ። ከዚያ ወዲያ... ከዚያ ወዲያ ሰው አይጠፋም።

ልኬለው፦ አስታማሚ የላትም ብለው ቢመልሷትስ?

ጥሩዬ፦ እሱንም አስቤዋለሁ። አያልነሽ፣ ነጠላሽን አጥብቂ። የዚህን ልጅ እጅ ያዢ። የኔ እጅ አይደለም፣ ግን ያዢው። ንካው ልኬለው።

ልኬለው፦ እርግጠኛ ነዎት?

ጥሩዬ፦ አይደለሁም። ንካው።

ልኬለው፦ አረንጓዴ ሆነ። ማን እንደሄደ፣ ማን እንደቀረ መዝገቡ ላይም መስፈር አለበት።

ጥሩዬ፦ ደብተሩን ወዲህ በል። ያንን ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም እኔ ልሙላው። የሄደች፦ አያልነሽ። የቀሩ፦ ታከለች፣ ዘሪቱ፣ ሸጌ፣ ሙጭት፣ ጥሩዬ፣ ብርቄ ከነጽንሷ።