የሃጎፕን ሳጥን ማን ይሸከም?

ባለቤቴ ሃጎፕ ሥራ ቦታው ላይ እንዳለ ማረፉ በተነገረኝ ዕለት፣ በስደት በምንኖርባት በኢገን ከተማ ያለው ቤታችን በለቀስተኛ ሞላ። የልጃችን የናሬ እጮኛ ኤሪክ ግን ደጅ ሆኖ ለእንግዶቹ በረዶ ይጠርግ ነበር። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት አርመናዊት አማቴ፣ «የልጅ ልጄን አርመን ላልሆነ አልሰጥም» ብለው ቤት እንዳይገባ ከልክለውት ነበር።

ናሬ አላስቻላትም። በእንግሊዝኛ፣ «አባቴስ ያገባው ሐበሻ አይደለም እንዴ?» ብላ ጮኸችባቸው። አማቴ እኔን አዩኝ። ቀጥለው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ።

«ይሄ ልጅ ኮፍያ እንኳ የለውም? በብርድ ሞቶ ሌላ ለቅሶ ሊጨምርብኝ ነው? በይ ጥሪው! የአባትሽንም ሳጥን ከዘመዶቹ ጋር ይሸከማል።»

ሃጎፕ እናቱን ሲለምን የኖረው ይህንኑ፣ ኤሪክን እንደ ቤተሰብ እንዲቀበሉት ነበር። ያነበባችሁ ሁሉ፣ ነፍሱን ይማር በሉልኝ።