ገበጣ በሆስፒታል አልጋ ላይ

እናቴን ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇ አልታዘዝ ሲላት፣ ከሁሩሙ አምጥቼ መቱ ሆስፒታል አስተኛኋት። አንድ ቀን ነርሷ ገበጣ ይዛ መጣችና፣ «እማማ፣ እስኪ በቀኝ እጅዎ እንጫወት፤ ያበረታዋል» አለቻት። እናቴ ገላመጠቻትና ወደ እኔ ዞራ፣ «የልጅ ጨዋታ አስይዘህ ጃጀች ልታሰኘኝ ነው? የቡና መሬቴ አማረህ?» አለችኝ።

እንደምንም ብላ በግራ እጇ መጫወት ጀመረች፤ ዓይኗ ግን ከነርሷ ጣቶች ላይ አልተነቀለም። መሀል ላይ ነርሷ አንዲት ጠጠር ወደ ራሷ ጉድጓድ ሸርተት አደረገች። እናቴ፣ «ሀቱ! ሌባ!» ብላ ክንዷን ለቀም አደረገቻት፤ በቀኝ እጇ! ነርሷ እንባዋ እየመጣ ትስቃለች። እናቴ ግን እጇን ልብም ሳትል፣ «ምን ያስቅሻል? ጠጠሬን ካልመለስሽ አልለቅሽም!» አለቻት።